የመስቀል ወፍ የት ትከርማለች?

ሰው ሲጠፋብን «ምነው የመስቀል ወፍ ሆንክ?» እንላለን። በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ መልሶ የሚሰወር ማለታችን ነው። እኔም ዕድሜዬን በሙሉ ይህንኑ ስል ኖሬአለሁ። ባለፈው መስቀል ሰሞን የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ አጥራችን ላይ ያረፈችውን ጥቁርና ቢጫ ወፍ እያየ «እቴቴ፣ ከመስቀል በኋላ የት ነው የምትሄደው?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ጥቂት እንኳን ሳላስብ «ሩቅ አገር» አልኩት። መልሱን ከየትም አላመጣሁትም። አዋቂ ሰው ልጅ ፊት «አላውቅም» ማለት ስለሚከብደው ብቻ ያልኩት ነው።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች እንደምታውቁት፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሻይዬን ይዤ በረንዳ ላይ እቀመጥና ያየሁትን በደብተር እጽፋለሁ። የበሽተኛን ሙቀት፣ የልብ ምትና ትንፋሽ በሰዓቱ መመዝገብ የለመደ እጅ ሥራ ሲፈታ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቤቴ እንጦጦ ግርጌ ስለሆነ የሚጻፍ ነገር አይጠፋም። ማለዳ ጋጋኖዎቹ ሰፈሩን በጩኸት እየቀሰቀሱ ያልፋሉ። ጎመኔ ላይ ክሽክሽ ሲወጣ ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ መጥታ ትለቅምልኛለች። ድንቢጦቹን ግን «ድንቢጥ፣ ብዙ» ብዬ ጽፌ አልፋቸው ነበር። በሥራ ዘመኔ ተረኛ ነርስ የበሽተኛ ካርድ ላይ «የተለየ ነገር የለም» ብላ ስትጽፍ «ቀርበሽ አይተሽዋል ወይ?» ብዬ የምቆጣ ሰው ነበርኩ።

ነገሩ የሆነው በጥር ነው። ቅዳሜ ቀን ስንዴ አጥቤ ግቢ ውስጥ አሰጣሁ። የልጅ ልጄ ከባላ እንጨትና ከአሮጌ ጎማ ወንጭፍ ሠርቶ መጣ። እውነቱን ልናገርና፣ ስልኩን አስቀምጦ በእጁ የሆነ ነገር በመሥራቱ ደስ አለኝ። «ርግቦቹን እንዳትነካ። ድንቢጦቹን ግን ስጡን እንዳይጨርሱት አባርልኝ» ብዬው ቡና ልቆላ ገባሁ።

ቡናው ገና ሳይጠቁር በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ሁለት እጁን እንደ ጽዋ አድርጎ ይዟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እቴቴ፣ እንደማልመታት ነበር ያሰብኩት።»

ተቀበልኳት። ቀኝ ክንፏ ወድቋል፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች። በሥራ ዘመኔ ስንት ቁስለኛ ተሸክሜአለሁ፤ እንዲህ የሚቀል በሽተኛ ግን ይዤ አላውቅም። ስብራቱን ለማየት ክንፏን ቀስ ብዬ ስዘረጋው ትከሻዋ ላይ እንደ አደይ አበባ የደመቀ ቢጫ ብቅ አለ። ከጀርባዋ ዝቅ ብሎ፣ ከጅራቷ በላይ፣ ያው ቢጫ አለ። የቀረው ገላዋ የድንቢጥ ቡናማ ነው።

ቀድሞኝ የገባው እሱ ነው። «የመስቀል ወፏ ቢጫ!» አለና ማልቀስ ጀመረ።

ካርቶን ላይ ቀዳዳ አበጅተን፣ ጨርቅ አንጥፈንባት፣ ጨለምና ጸጥ ያለ ቦታ አስቀመጥናት። በማንኪያ ውሃ ሊያጠጣት ሲል ከለከልኩት። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ እንደማናፈስለት ሁሉ፣ የቆሰለች ወፍም ትንፋሿ ውስጥ ይገባባታል። እጃችንን በሳሙና ታጠብን። ከዚያ በኋላ ከመጠበቅ በቀር የምናደርገው አልነበረም። ያን ሌሊት እኔ ዘንድ አደረ።

ማለዳ ቀድሜው ተነሥቼ ካርቶኑን ከፈትኩ። ሞታለች። እሱ አልነቃም። እውነት ለመናገር፣ አንሥቼ ልቀብራትና «ድና በረረች» ልለው ዳድቶኝ ነበር። ቀላል ነበር፤ ደስም ይለው ነበር። ግን «ሩቅ አገር» ያልኩት ትዝ አለኝ። ለዚህ ልጅ ስለዚህች ወፍ አንዴ የማላውቀውን ነግሬዋለሁ። አሁን ደግሞ የማውቀውን ልደብቀው ነው? ካርቶኑን እንደያዝኩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ሲነቃ ነገርኩት።

«እኔ ነኝ የገደልኳት?» አለኝ።

«አዎ፣ የኔ ጌታ። ስጥ ጠብቅ ብዬ የላክሁህ ደግሞ እኔ ነኝ።»

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ግራዋው ሥር አብረን ቀበርናት። ወንጭፉን ማንም ሳያዘው ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ሰቀለው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። አሁን ስጤን የሚጠብቅልኝ ገመድ ላይ ታስሮ በነፋስ የሚንኮሻኮሽ ፌስታል ነው።

ከዚያ ወዲህ የወፎች መጽሐፍ አገኘሁና ማንበብ ጀመርኩ። በአገራችን ከ850 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። የመስቀል ወፍ የምንለውም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ቀይና ጥቁር የሚለብስ አለ፣ ጅራቱ የሚረዝም አለ፤ በእኛ ሰፈር የሚታየው ጥቁሩና ቢጫው ነው። ወንዱ በክረምት የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ ቡናማ ላባው ይረግፍና ጥቁሩ ይበቅላል። ላባ እንደ ፀጉራችንና እንደ ጥፍራችን ነው፤ አንዴ ካደገ በኋላ ወፏ ቀለሙን አትለውጠውም፣ አሮጌው ወድቆ አዲስ መውጣት አለበት። ክረምቱ አልፎ ልጆቹ ጎጆ ሲወጡ ያ ሁሉ ጌጥ ይወልቅና ወንዱ እንደገና ድንቢጥ ይመስላል። ጭልፊት በሚዞርበት ሰማይ ሥር ዓመቱን ሙሉ ደምቆ መታየት አይበጅም። የዚህ ዓይነቱ ወፍ ግን የትከሻውንና የወገቡን ቢጫ አይጥለውም፤ ክንፉን ሲያጥፍ ብዙውን ጊዜ ይሸፈናል እንጂ።

ሴቷ ዓመቱን በሙሉ ያው ቡናማ ናት። ወንዱ ሣር ገምዶ የጎጆውን ግድግዳ ያቆማል፣ ውስጡን የምታነጥፈውና እንቁላሉ ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። እሱ ደግሞ ላባውን ነፍቶ ሌላ ሚስት ፍለጋ ይዞራል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አያቶች የሆናችሁ እናቶች ለምን እንደሳቅሁ አይጠፋችሁም።

እንግዲህ የመስቀል ወፍ የትም አትሄድም ማለት ነው። ጥር ላይ ስጤን የምትለቅመው እሷ ነበረች። ደብተሬ ላይ «ድንቢጥ፣ ብዙ» እያልኩ የጻፍኩት እሷንም ጨምሮ ነው።

ከዚያ በኋላ ልጁ በየቅዳሜው ከጎኔ ይቀመጣል። ሲያርፉ ሳይሆን ሲነሡ ማየት እንዳለብን ያስተማረኝ እሱ ነው። ሲበሩ ወገባቸው ላይ ቢጫው ብልጭ ይላል። የራሱን ደብተር አወጣ፤ የእሱ ከእኔ ይሻላል፣ ሥዕልም አለው። እኔ የማላውቀውን ሲጠይቀኝ «አላውቅም፣ አብረን እንይ» እለዋለሁ። ወላጆችና አያቶች፣ ሞክሩት። መጀመሪያ ላይ አፍ ያሲዛል፣ በኋላ ግን ዕረፍት ነው። ልጁም በማግስቱ ተመልሶ የሚመጣበት ምክንያት ያገኛል።

ያለፈው ቅዳሜ ዝናቡ ጋብ ሲል አንድ ወፍ አጥሩ ላይ አረፈ። ግማሹ ቡናማ፣ ግማሹ ጥቁር፣ እዚህም እዚያም የተላጠ የሚመስል። ደብተሬን ወደ ኋላ ባገላብጥ አምና በሐምሌ እንዲህ ያለውን አይቼ «ድንቢጥ፣ የታመመ ይመስላል» ብዬ ጽፌአለሁ። እኔ ነርሷ! ልጁ ግን ትንፋሹን ውጦ ሲያይ ቆየና «እቴቴ፣ ልብስ እየቀየረ ነው» አለኝ በሹክሹክታ።

በዚያው ቀን ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል «ሲስተር፣ ምነው ጠፋሽ፣ የመስቀል ወፍ ሆንሽ እኮ!» አለችኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ልጁ መለሰላት።

«የመስቀል ወፍ አትጠፋም። እዚሁ ናት፤ እኛ ነን የማናያት።»

ጎረቤቴ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ እርሳሱን አነሣና ጽሑፉን ቀጠለ።