የድሃ ሰነዱ ጎረቤቱ

«እኔ የምልህ፣ ካዛንቺስ ተወልዶ ያረጀ ሰው ገላን ጉራ ከገባ በኋላ ክስ ቢመሠርት ማን ይመሰክርለታል?»

ወዳጄ ጨዋታ ሲጀምር እንዲህ ነው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«ምስክሮቹ ምን ሆኑ? ስልካቸው አለው አይደል?»

«ስልክ ችሎት ቀርቦ አይምል!»

ነገሩ ገባኝ። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስን ሲያነሳ ነዋሪው በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ገላን ጉራ የገባው ብዙ ነው። ስለ ቤቱና ስለ ካሣው ያልተወራ የለም። የምስክር ነገር ሲነሳ ግን አልሰማሁም።

«እስቲ አንዲት ሴት አስብ» አለኝ። «እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ከአንድ ሰው ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ኖራለች። ማዘጋጃ ቤት አልፈረሙ፣ ሽማግሌ አልተላከ። ሰውየው ነገ ብድግ ብሎ ‹ተከራዬ ነበረች› ቢልስ?»

«ሕጉማ ከእሷ ጋር ነው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ ሦስት ዓመት የኖሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራቸው ነው ይላል።»

«መኖሯን በምን ታስረዳ? ሰነዷ እኮ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ናት፤ ሰውየው ሲታመም አጥሚት ማን እንዳቀረበለት ያየችው። ሰነዷ የዕድሩ ጸሐፊ ነው፤ የሰውየው እናት የሞቱ ጊዜ ወገቧን በነጠላ አስራ እንደ ምራት ለቀስተኛ ስታስተናግድ ያያት። አሁን አንዷ እዚህ ጫፍ፣ አንዱ እዚያ ጫፍ። ቂርቆስ ምድብ ችሎት ቀጠሮ ሲደርስ የቀን ገቢያቸውን ትተው ይመጣሉ። መጥሪያው ለተከሳሽ አልደረሰም ከተባለ ደግሞ ተለዋጭ ቀጠሮ!»

«ጠበቃ ብትይዝ…»

«በምኗ?»

እውነቱን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የሚያቆመው አቅም ለሌለው ተከሳሽ ነው፤ ያውም ፍትሕ ይጓደላል ተብሎ ሲታመን። ይህች ሴት ሰርቃ ብትያዝ ተከላካይ ጠበቃ ታገኝ ይሆናል። የልፋቷን ድርሻ ስትጠይቅ ግን ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ያለ ዋስትና አልሰጣትም።

«ብትሰርቅ ይሻላት ነበር በለኛ!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«ደሃ ደንብ አለላት» አልኩት። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ዳኝነት የምትከፍለው ያጣች ሴት ሳትከፍል ትከሳለች። ያላትን ዕቃ ከነግምቱ ትዘረዝራለች፤ ምጣዷን፣ አልጋዋን፣ ቴሌቪዥኗን። ለመሆኑ ያገለገለ ምጣድ ስንት ይገመታል? ከዚያ የወረዳ ደብዳቤ አምጪ ልትባል ትችላለች። አዲሱ ወረዳ «ትናንት የመጣሽ ነሽ፣ አናውቅሽም»፣ የድሮው «ከእኛ ለቀሻል» ቢላትስ? ድህነትም መስካሪ ይፈልጋል እንግዲህ።

«ድሮ አጥቢያ ዳኛ ነበረ» አለ ወዳጄ ናፍቆት ቢጤ እየጀማመረው።

«በ1939 የወጣው አዋጅ እስከ 25 ብር ያለውን ክርክር ሰጥቶት ነበር። ሰፈሩን ሁሉ በስም ያውቃል። ግን ያበደረውንም፣ ያስቀየመውንም፣ ድግስ የጠራውንም ያውቃል። እሱን አትመኝ።»

የምመኘው ሌላ ነው። ፍርድ ቤቶቻችን ተዘዋዋሪ ችሎት የሚባል አሠራር ያውቃሉ፤ ዳኛው ወደ ባለጉዳዩ ይሄዳል። ለሩቅ ክልል የተቻለ ነገር፣ በወር አንድ ቀን እንኳ ገላን ጉራ ላይ ምስክር ለመስማት የሚያቅት አይመስለኝም። ከአሥር ሰው የቀን ገቢ የአንድ ዳኛ መኪና ይረክሳል።

«ጠበቃውስ?» አለኝ።

በ1992 የወጣው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ የፌዴራል ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አስገድዶ ነበር። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249ም የነጻ አገልግሎቱን ግዴታ አልተወውም። የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለዓመታት በነጻ ሲረዱ ኖረዋል፤ ያም ሆኖ ከደጃቸው የሚደርሰው የሰማ ብቻ ነው። ያልሰማው ራፖር ጸሐፊ ጋ ሄዶ በከፈለው ልክ ያስጽፋል።

ስለዚህ ጠበቃ አንባቢዬ ሆይ፣ የዘንድሮው የነጻ ሰዓትህ ካልተነካ ቢሮህ ቁጭ ብለህ ባለጉዳይ አትጠብቅ። አንድ ቅዳሜ ገላን ጉራ ውረድና የካዛንቺስ ዕድርተኞች የሚሰበሰቡበትን ጠይቅ። የምስክሮቹን ስምና አድራሻ ሰው ሳይረሳሳ ጻፍላቸው።