ዕቃው የገዢው፤ ቁልፉ የሻጩ

ሰው በላቡ ባገኘው ገንዘብ የገዛውን ዕቃ እስከ መቼ ድረስ «የኔ ነው» ሊል ይችላል? በሬ የገዛ ሰው በሬው እስኪሞት፣ መጽሐፍ የገዛም ሰው ብል እስኪበላው ድረስ የራሱ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። በዘመናችን ግን ሻጩ በሩቅ አገር ተቀምጦ አንዲት ትእዛዝ በሰጠ ጊዜ፣ ከገዢው ቤት ሳይወጣ ግማሹ የሚጠፋ ዕቃ መጥቷል። ይኸውም ከኢንተርኔት ጋራ ተሳስሮ የሚሠራው የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ነው።

ለምሳሌ ያህል ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ዓ. ም. ያወጣውን «ዊ ዩ» እንመልከት። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) መሣሪያው ገበያ አልቀናውም፤ 13.56 ሚሊዮን ያህል ብቻ ተሸጦ በ2017 መሠራቱ ቀረ። በማርች 27 ቀን 2023 የኢንተርኔት ሱቁ ተዘጋ፤ በኤፕሪል 8 ቀን 2024 ደግሞ ሰዎች ከየአገሩ ተገናኝተው የሚጫወቱበት አገልግሎት ቆመ። ቀድሞ የተገዛውን ጨዋታ እንደ ገና ማውረድ ለጊዜው አልተከለከለም። ይሁን እንጂ «ለጊዜው» የምትለው ቃል እስከ መቼ እንደምትዘልቅ የሚያውቅ ሻጩ ብቻ ነው።

በዚህ መዘጋት የጠፋው የኩባንያው ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልከበደ ነበር። በ2015 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ሜከር» የተባለው ጨዋታ፣ ተጫዋቹ ራሱ መሰናክል የበዛበት መንገድ እየሠራ ለማያውቀው ሰው የሚልክበት ነበር። ሠሪው መንገዱን አስቀድሞ ራሱ ካልጨረሰው በቀር መላክ አይፈቀድለትም። በዚህ ዓይነት በሚሊዮን የሚቆጠሩ መንገዶች ተሠሩ። ከነዚህ መካከል ማንም ያላለፋቸውን አንድ በአንድ ለመጨረስ የተማማሉ ተጫዋቾች ነበሩ፤ የመዘጋቱ ቀን ሲነገር ሥራቸው ከቀን ጋራ እሽቅድምድም ሆነ። በመጨረሻ «ትሪሚንግ ዘ ኸርብስ» የምትባል በ2017 የተሠራች አጭር መንገድ ቀረች። ሌትና ቀን ሞከሯት፤ እምቢ አለች። በማርች 2024 ሠሪዋ መንገዷን በእጁ ሳይሆን በኮምፒዩተር ርዳታ እንደ ጨረሳት ተናዘዘ። ታዲያ ትተዋት ይሄዳሉ ሲባል፣ አንድ ተጫዋች በኤፕሪል 5 ቀን፣ ማለት ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በገዛ እጁ ጨረሳት። (እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ለፈተና ጊዜ ያደረገው ተማሪ ቢኖር ምን በተባለለት!) ከሦስት ቀን በኋላ ያ ሁሉ የብዙ ሰው የእጅ ሥራ፣ በየመሣሪያው ተቀምጦ ከተገኘው በቀር፣ በሩ ተዘጋበት።

«ለልጆች መጫወቻ ይህን ያህል መጨነቅ ምንድን ነው?» የሚሉኝ ትልልቅ ሰዎች አይጠፉም። እነርሱም በየመሥሪያ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ኮምፒዩተር ይጠይቁት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው፤ ደኅና የሚሠራ መኪና በአንድ ቀን አሮጌ ተባለ።

በአዲስ አበባ በየሰፈሩ የነበሩትን የፕሌይስቴሽን ቤቶች የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ለመረዳት አይቸገርም። በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2፣ ሶኒ መሥራቱን ካቆመ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገር ግን ማራገቢያው አቧራ ሲይዝ ይጠረጋል፤ የጆይስቲኩ ላስቲክ ሲያልቅ ይለወጣል፤ ዲስኩን የሚያነበው ሌንስ ሲደክም ይቀየራል። ኳስ ለሚጫወቱት ሁለት ጎረምሶች ከቶኪዮ ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልጋቸውም። ዕቃው የሚሞተው ሲያረጅ እንጂ ሲታዘዝ አይደለም።

ኩባንያው ሰርቨሩን ለዘለዓለም ያብራ ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ኤሌክትሪኩም ሠራተኛውም ገንዘብ ይጠይቃል። እኔ የምለው ሌላ ነው። መድኃኒት ሲሸጥ የሚያበቃበት ቀን እንደሚጻፍበት ሁሉ፣ አገልግሎቱ ቢያንስ እስከዚህ ዓመት ይቆያል ተብሎ በሣጥኑ ላይ ይጻፍ። ሲዘጋም በጎ ፈቃደኞች በራሳቸው ወጪ እንዲያስቀጥሉት ይተውላቸው። ዛሬ «ፕሬቴንዶ» በሚል ስም የተሰበሰቡ ሰዎች የተዘጋውን የኒንቴንዶን አገልግሎት የሚተካ ሰርቨር የሚሠሩት፣ አሠራሩን ከውጭ በመመርመር እየገመቱ ነው። ሕጉም ገና አልረዳም፤ የአሜሪካ የቅጂ መብት መሥሪያ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት ከገበያ የወጡ ጨዋታዎችን ለተመራማሪዎች ከሩቅ እንዲያሳዩ የቀረበለትን ጥያቄ በኦክቶበር 2024 አልተቀበለም። በአውሮፓ ግን ዩቢሶፍት የተባለው ኩባንያ «ዘ ክሩ» የተባለውን ጨዋታ በ2024 ከዘጋ በኋላ የተነሣው እንቅስቃሴ በ2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሰብስቧል።

ሕግ እስኪወጣ ድረስ ባለቤቱ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ። ዊ ዩ ያለው ሰው የገዛውን ጨዋታ ሁሉ ዛሬውኑ አውርዶ በውጭ ሃርድ ዲስክ ያኑር፤ ሃርድ ዲስኩ ግን ከዚያው ከአንዱ መሣሪያ ጋራ የተሳሰረ ስለ ሆነ፣ መሣሪያው ከሞተ በሌላው ላይ አይነበብም። ስለዚህ ዋናውን መጠበቅ ግድ ነው። ሣጥን ውስጥ ዘግቶ ዓመታት ማስቀመጥ ጥበቃ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ሳይበሩ የቆዩ አንዳንድ ዊ ዩዎች የውስጥ ማስታወሻቸው ተበላሽቶ እንዳልተነሡ ባለቤቶቻቸው ተናግረዋል። በየጥቂት ወሩ አውጥቶ ማብራት፣ ጥቂትም መጫወት ነው። በእጅ የሚያዘው ባለ መስታወቱ መጫወቻ ባትሪው ሲደክም፣ በትንሽ ካቻቪቴ ከጀርባው ተከፍቶ ይለወጣል።