የትኛው ሲስተም ነው የሌለው? ለመቐለው የዓዲ ሓቂ አንባቢዬ

ባንክ ገብተው፣ ወረፋ ጠብቀው፣ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ «ሲስተም የለም» ተብለው እንደሚያውቁ አልጠራጠርም። የሚገርመኝ ግን «የትኛው?» ብለው አለመጠየቅዎ ነው። የባንኩ ኮምፒውተር ነው? የቴሌ መስመር? መብራቱ? ወይስ የጄኔሬተሩ ነዳጅ? እስቲ ዛሬ አብረን እንጠይቅ።

«ይሄ የመሐንዲሶች ጣጣ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ያገባዎታል፤ ጣሪያዎ ላይ ያለው ሮቶ ይመስክር። የመቐለን ውኃ ከዓይናለም ጥልቅ ጉድጓዶች የሚስበው ፓምፕ ነው። ፓምፑን የሚያዞረው መብራት ከተከዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ ርቆ ከብሔራዊው የኃይል ቋት ይመጣል። ውኃው፣ መብራቱና ስልኩ የየራሳቸው አለቃ፣ በጀትና ዕቅድ አላቸው፤ የሚገናኙት እርስዎ ቤት ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ማርክ ማየር በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ «የሲስተሞች ሲስተም» ብሎ የለየው እንዲህ ያለውን ነው፦ ክፍሎቹ ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ፣ በየራሳቸው አለቃ የሚመሩ፣ ሲገጣጠሙ ግን አንዱ ብቻውን የማይችለውን የሚሠሩ።

«ታዲያ ሁሉም የየድርሻውን ከተወጣ ምን ቀረ?» ይሉኝ ይሆናል። ደግ አሉ፤ ግን ይህን ይከተሉልኝ። መብራት ሲሄድ የስልክ ማማውን ባትሪ ይይዘዋል። ባትሪው ሲደክም ጄኔሬተር ይነሣል። ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይፈልጋል፤ የነዳጁ ሒሳብ ደግሞ ዛሬ ዛሬ በቴሌብርና በመሰሎቹ ይከፈላል። ቴሌብር ያለ ኔትወርክ አይሠራም፤ ኔትወርኩም ያለ ማማው። ዞሮ ዞሮ እዚያው! ጄኔሬተር መትከል ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በስልክ መክፈልም ጥሩ ሐሳብ ነው። ቀለበቱን ግን ማንም አልነደፈውም፤ ሁለት ጥሩ ሐሳቦች ሲገናኙ በመሀል ተወለደ። ማደያውንም ቴሌንም ለየብቻ ቢመረምሩ አያገኙትም።

አሁን ደግሞ እጅዎን ወደ ደቡብ ዘርግተው «አሸጎዳ እኮ አፍንጫችን ሥር ነው! በትግራይ ጦርነት ዘመን ለምን ጨለመብን?» እንደሚሉኝ ይታየኛል። ጥያቄው የሚገባ ነው። አሸጎዳ በ2006 ዓ.ም. ሲመረቅ 84 ተርባይንና 120 ሜጋ ዋት ይዞ ነበር። ጦርነት የሚያመጣውን ሁሉ ለጊዜው እንተወውና፣ እንዲህ ያለ የነፋስ ጣቢያ በተለምዶ የሚሠራው በቋቱ ላይ ያለውን 50 ኸርዝ ተከትሎ ነው። የሚከተለው ከሌለ፣ ነፋሱ ምንም ቢበረታ ራሱን ያቆማል። እንደ ተከዜ ያለ የውኃ ኃይል ግን በትንሽ ጄኔሬተር ታግዞ ከጨለማ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ አቅም ያለው ጎረቤት መኖሩ አይበቃም፤ ማን ማንን ቀድሞ እንደሚነሣ ማወቅ ያስፈልጋል። መቐለ ኅዳር 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ከብሔራዊው ቋት ጋር ዳግም ስትገናኝ የበራው አምፖል ብቻ አልነበረም፤ ከጀርባው ተራውን የሚጠብቅ ብዙ ነበር።

«እንግዲያው ሁሉንም ለአንድ አለቃ ሰጥቶ መገላገል ነዋ!» ይህን መልስ ስጠብቀው ነበር። እድርዎን ያስቡት። እድር በየአባሉ ጓዳ ገብቶ ወጥ አያማርጥም፤ መዋጮውን፣ ድንኳኑንና የቀብሩን ሰዓት ግን ይቆርጣል። ሲስተሞችም የሚያስፈልጋቸው መገናኛቸው ላይ ጥብቅ ስምምነት ነው። ይህ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ይመልከቱ፦ በመስከረም 2003 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ አንድ የኃይል መስመር ዛፍ ነካና ተቋረጠ፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ከሰርዲኒያ በቀር ጣሊያን በሙሉ ማለት በሚቻል ደረጃ ጨለመች። በሁለቱም በኩል አዋቂ ባለሙያ ነበር። የጎደለው በድንበሩ ላይ ፈጥኖ መነጋገር ነበር።

«እሺ፣ እኔ ምን ላድርግ?» ካሉኝ፣ የቀበሌ ስብሰባ ሲጠሩ አይቅሩ። የውኃ ባለሙያው ስንት ፓምፕ እንዳለው ሲዘረዝር በትዕግሥት ያዳምጡትና፣ ተራዎ ሲደርስ እንዲህ ብለው ይጠይቁት፦ «መብራት ሲሄድ ፓምፑ በራሱ ነዳጅ ስንት ሰዓት ይቆያል? ያ ነዳጅስ ኔትወርክ በሌለበት በምን ይገዛል?» ወደ መብራት ኃይል ሰው ዞር ካለ፣ የመብራት ኃይሉም ወደ ቴሌው ከዞረ፣ ሦስቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧቸው ማለት ነው። ይህን ደግሞ ከሦስቱ አንዳቸውም በሥራ መደባቸው አልታዘዙበትም፤ የሚያዝዛቸው የሦስቱንም ሒሳብ የሚከፍለው ሰው ነው።