ሮቦት መጥረጊያ፡ ይምጣ ወይስ ይቅር?

በዚህ ቡለቲን የሚወጡት የተማሪዎች ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትልልቅ ጉዳዮች ናቸው፤ ስለ ግድብ፣ ስለ ሳተላይት፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። ይሄኛው ግን ከሶፋ ሥር ስላለ አቧራ ነው፤ አስቀድሜ ይቅርታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቨርጂኒያ የምትኖረው ታላቅ እህቴ በቪዲዮ ስትደውል እማዬ በአጭሯ መጥረጊያ ጎንበስ ብላ ሳሎን ስትጠርግ ታያለች። እማዬን ወገቧን ማመም ከጀመራት ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ሐኪሙም ጎንበስ ቀና እንዳታበዛ ነግሯታል። ሠራተኛ እያለች ለምን ትጠርጋለች ለሚል፣ እማዬ ሌላ ሰው የጠረገው ቤት አይጠራላትም፤ የሚያውቃት ያውቃታል። እህቴ ታዲያ አላስቻላትም። «እኔ ቤት ያለው ዓይነት ሮቦት መጥረጊያ ገዝቼ በሰው ልላክላት፤ አንተ ኤሌክትሪካል አይደል የምትማረው? ይሆናል አይሆንም በለኝ» አለችኝ። እኔም ሳላስብ «በደንብ ይሆናል» አልኩ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት የታየኝ የእማዬ ወገብ ሳይሆን ዕቃውን ፈትቼ ውስጡን ማየቱ ነበር። አራተኛ ዓመት የደረሰ ሰው ይህን ፈተና ያውቀዋል።

እማዬ ከጎኔ ሆና ሰምታ ኖሮ «ይሄ ከመጣማ ሠራተኛ ምን ያደርግልናል!» አለች። ቤታችን የምትሠራው ልጅ ጀበና ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ማታ ማታ ትማራለች፤ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ናት። ምንም አልተናገረችም፤ ጀበናውን አስቀምጣ ወጣች። ጉዳዩ የዕቃ ብቻ አለመሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። እህቴን «አንድ ሳምንት ስጪኝ» አልኳት።

በሳምንቱ ውስጥ ያገኘሁትንና የደረስኩበትን ሐሳብ ነው እዚህ የማቀርበው።

በመጀመሪያ ስለ ማሽኑ ጥቂት ልበል። የስዊድኑ ኤሌክትሮሉክስ ትሪሎባይት የተባለውን ሮቦት ቫኪዩም እ.ኤ.አ. በ2001 ለገበያ አቅርቦ ነበር፤ ነገሩን በየቤቱ ያስገባው ግን አይሮቦት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2002 በ200 ዶላር ገደማ ያወጣው ሩምባ ነው። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ ሮድኒ ብሩክስ በ1980ዎቹ ኤም.አይ.ቲ. ሆኖ አንድ ሮቦት የዓለምን ካርታ በጭንቅላቱ ሳይዝ፣ በተደራረቡ ቀላል ምላሾች ብቻ መሥራት ይችላል ብሎ የተከራከረ ሰው ነው። የመጀመሪያው ሩምባም ይሄው ሐሳብ በተግባር ነበር ማለት ይቻላል። ሲጋጭ ይዞራል፣ ግድግዳ ሲያገኝ ይከተላል፣ ደረጃ ሲያጋጥመው ወደ ኋላ ይላል፤ ክፍሉን የሚያዳርሰው በዕድልና በትዕግሥት ነው። ካርታ የመጣው ቆየት ብሎ ነው፤ ኒያቶ በ2010 የሌዘር ርቀት መለኪያ ያለው አወጣ፣ አይሮቦትም በ2015 በካሜራ ካርታ የሚሠራ ማሽን አስከተለ። እኔ እንደ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓይነት እወደዋለሁ፤ እናቴ ቤት ግን የሚያስፈልገው የኋለኛው ነው።

ስለዚህ ዕቃ ሳወራ ጓደኞቼ ሁሉ የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «መብራት በሚጠፋበት አገር?» ይሄ ከሁሉ ደካማው መከራከሪያ ይመስለኛል። ማሽኑ በባትሪ ነው የሚሠራው። 14.4 ቮልት በ5.2 አምፔር ሰዓት ቢባዛ 75 ዋት ሰዓት አይሞላም። 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በአንድ ደቂቃ ብቻ 58 ዋት ሰዓት ይጨርሳል። ቻርጀሩ የሚያባክነውን እንኳ ጨምረን ብናስበው፣ አንድ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ለመሙላት የሚበቃው ምጣዱ ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚበላው ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣም ባትሪው ካቆመበት ይቀጥላል። ኢንተርኔት ከሌለም አብዛኞቹ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ ማስነሣት ይቻላል። በመብራት የሚመካኝ ሰው ምጣዱን መጀመሪያ ይውቀስ።

ማንም ያላነሣው፣ እኔም በአጋጣሚ ያሰብኩት ሌላ ነገር አለ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የመሳብ ኃይል በፓስካል ነው፤ 2,500፣ 5,000፣ አንዳንዱም 10,000 ይላል። አንደኛ፣ ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው መሳቢያው ተደፍኖ አየር በማያልፍበት ሁኔታ ነው፤ አቧራ የሚያነሣው ደግሞ የሚያልፈው አየር ነው። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ነው፤ አየራችን ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። ፋን በተመሳሳይ ፍጥነት ሲሽከረከር የሚፈጥረው ግፊት ከአየሩ እፍጋት ጋር አብሮ ነው የሚወርደው። ስለዚህ 2,500 ፓስካል ተብሎ የተሸጠው እኛ ቤት 1,900 አካባቢ ቢሆን አይገርምም። ይሄ ግዢውን የሚያስቀር ነገር አይደለም፤ የፍሉይድ ኮርስ ምን ያደርጋል ለሚሉት ግን መልስ ነው።

ከዚያ ሜትር ተውሼ ቤቱን ለካሁ። ሁሉም ነገር የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው።

የኛ ቤት እንደ ብዙ የሠፈራችን ቤቶች በየጊዜው እየተቀጠለ የተሠራ ነው። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤቶቹ የሚያስገቡት በሮች ደፋቸው 4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንደኛው ከዚያም ይበልጣል። አብዛኞቹ ማሽኖች የሚሻገሩት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አሁን አሁን ከዚያ በላይ የሚወጡ መጥተዋል፣ ዋጋቸውም አብሮ ወጥቷል። እንግዲህ ማሽኑ ሳሎን ውስጥ ታስሮ ይቀራል፣ አለዚያም ሰው ጎንበስ ብሎ እያነሣ ያሻግረዋል። የሳሎኑ ወለል ሲሚንቶ ሆኖ ፕላስቲክ ምንጣፍ ለብሷል፤ ጠርዙ በሁለት ቦታ ተነሥቷል። መሀል ላይ ያለው ምንጣፍ ዘርፍ አለው፤ ዘርፍ ደግሞ የሚሽከረከር ብሩሽ ላይ ይጠመጠማል። ምንጣፉ ጠቆር ያለ መሆኑም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ማሽኑ ገደል አለ የለም የሚለውን የሚያውቀው ወደ ታች በሚልከው ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው፤ ጥቁር ነገር ብርሃኑን ስለሚውጠው ማሽኑ ጉድጓድ አፍ ላይ የደረሰ መስሎት ይመለሳል። ማድ ቤቱ ደግሞ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ከሒሳቡ ውጪ ነው።

ዋናው ግን ሶፋው ነው። ከሶፋችን ሥር ያለው ክፍተት 7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የቡፌው ከዚያም ያንሳል። ማሽኑ ቁመቱ ከ9 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። እማዬን ስትጠርግ ቁጭ ብዬ አየኋት (ይሄን ስጽፍ ራሴን እየታዘብኩ ነው)። መሀል ሳሎኑን ስትጠርግ ወገቧ እምብዛም አይታጠፍም። የምትታጠፈው፣ አልፎ አልፎም የምትንበረከከው፣ ከሶፋው ሥር፣ ከቡፌው ሥር፣ ከበሩ ደፍ ጥግ ያለውን ስታወጣ ነው። ማሽኑ የማይደርስባቸው ቦታዎች እነዚሁ ናቸው። ቀላሉን ሠርቶ ከባዱን ለእሷ ይተውላታል ማለት ነው። በዚያ ላይ የአቧራ ሣጥኑ ትንሽ ስለሆነ በየቀኑ መደፋት አለበት፤ ብሩሹ ላይ የተጠመጠመ ፀጉርና ክር መፈታት አለበት። ለዚህም ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል።

ስለ ቡናውም ሳልናገር አላልፍም። እሁድ እሁድ ቤታችን ቡና ሲፈላ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ፈንዲሻ ይበተናል፣ ከረከቦቱ አጠገብ ማጨሻው ይቀመጣል። ለሌዘሩ ይሄ ሁሉ ምን እንደሚመስለው አላውቅም፤ ቄጤማው ግን ብሩሹን ሲያንቀው ለማየት ትንቢት አያስፈልግም። ፍም ያለበትን ማጨሻ ገፍቶ የሚሄድ ዕቃ ደግሞ እኛ ቤት አንድ ቀን አያድርም።

ስለ ዋጋው ብዙ አልልም። 250 ዶላር በ150 ብር ቢመነዘር 37,500 ብር ነው። የዶላር ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ገንዘብ ለእህቴ ያው ቢሆንም ለእኛ ሌላ ነገር ሆኗል። ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበው መለዋወጫው ነው። ባትሪው፣ ብሩሹና ማጣሪያው አላቂ ናቸው፤ በሰው ሻንጣ የመጣ ዕቃ መለዋወጫውም በሰው ሻንጣ ነው የሚመጣው። ኩባንያዎቹም ቢሆኑ እንደምናስበው ጽኑ አይደሉም። ኒያቶ በ2023 ተዘጋ፤ አይሮቦት ራሱ በዲሴምበር 2025 የኪሣራ ከለላ ጠየቀ፣ የሚረከበውም ማሽኖቹን ሲያመርትለት የነበረው የቻይና ድርጅት ነው ተባለ። ስልክ ላይ በሚጫን ፕሮግራም የሚታዘዝ ዕቃ ሠሪው ሲወድቅ ግማሽ ጎኑ አብሮት ሊወድቅ ይችላል። ካሜራ ያለውን የሚመርጥ ደግሞ በ2022 የወጣውን ዜና ያስታውስ፤ ለሙከራ የተሰጡ ማሽኖች በየቤቱ ያነሧቸው ፎቶዎች፣ መጸዳጃ ቤት የተቀመጠች ሴት ሳትቀር፣ መረጃውን ይለዩ በነበሩ ሠራተኞች በኩል ወጥተው ተበትነዋል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። አንድ ቀን ሥራዋን ከጠዋት እስከ ማታ በሰዓት ጻፍኩ። እንጀራ መጋገር፣ ልብስ ማጠብ፣ ውኃ በሚመጣበት ሰዓት መቅዳት፣ ገበያ፣ ወጥ፣ ግቢ መጥረግ፣ ቡና። ቤት መጥረግ እማዬ የምትይዘውም ተደምሮ 20 ደቂቃ ነው። ማሽኑ ከዚህ ውስጥ ቢያስቀር ቢያስቀር 10 ደቂቃ ነው። ወረቀቱን ለእማዬ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና «እኔ እኮ ዝም ብዬ ነው ያልኩት» አለች። ሊሆን ይችላል። ግን ሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ዝም ተብሎ አይባልም፤ ከዚህ ቤት ከወጣች የምትሄደው ደላላ ጋ ነው፣ ቀጣዩ ቤት ደግሞ ማታ ትማር ይላል አይል ማን ያውቃል። ማታውን ልጅቷን ጠርቼ ማሽኑ ቢመጣም ባይመጣም እሷን እንደማይነካ ነገርኳት። «እሺ» ብላ ሄደች፤ አምናኝ ይሁን አይሁን እንጃ።

ስለዚህ ለእህቴ ይቅር አልኳት። 250 ዶላሩን ለእማዬ ፊዚዮቴራፒ አድርጊው፣ ለቤቱ ባለ ረጅም እጀታ መጥረጊያ እኔ እገዛለሁ አልኩ። እህቴ ተቆጣች፤ «ሰው ሊረዳ ሲል ታጣጥላላችሁ» አለች። እሷ በበኩሏ ትክክል ናት። ሁለት ሥራ ነው የምትሠራው፣ ቤቷ አንድ ወጥ ወለል ነው፣ ደፍ የለውም፣ ማሽኑ እሷ ሥራ ላይ እያለች ጠርጎ ይጠብቃታል። ልዩነቱ የሀብት ብቻ አይደለም፤ እሷ የምትኖርበት ቤት ከመጀመሪያው ለጎማ የሚመች ሆኖ ነው የተሠራው። እማዬም ረጅሙን መጥረጊያ አይታ «ጥግ አይደርስም» አለች። ከዚያ ጨምራ «ሶፋውንስ ማን ያነሣልኛል?» ስትል እኔና ወንድሜ ተያየን። ሃያ ዓመት ሙሉ ያ ሶፋ ሲነሣ ያየነው እሷ ስታነሣው ነው። አሁን ቅዳሜ ጠዋት እኛ እናነሣዋለን፤ ወንድሜ ሁለት ቅዳሜ ቀርቷል።

ይህን ያነበበ የዲፓርትመንታችን ልጅ የቴክኖሎጂ ጠላት አድርጎ እንዳይቆጥረኝ። ሴራሚክ ወለል ያለው፣ በክፍሎቹ መካከል ደፍ የሌለበት ኮንዶሚኒየም የሚኖር፣ ቀኑን ሙሉ ውጭ የሚውል ሰው ቢጠይቀኝ ግዛ እለዋለሁ፤ ሌዘር ያለው፣ ካሜራ የሌለው፣ ላዩ ላይ ማስነሻ ቁልፍ ያለው ይሁን። ከመግዛቱ በፊት የሶፋውን ሥር ይለካ። ከአሜሪካ የሚመጣለት ከሆነ ደግሞ ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት የቻርጀሩን ጀርባ ያንብብ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን በኛ 220 ላይ እንዳይሰካው፤ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ ያም ሌላ ወጪ ነው።