የጮቄ ቀበሮ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣ መንገደኛ፣ የገብሱንና የድንቹን ማሳ ወደ ኋላው ትቶ ጓሳውና ጅብራው ከሚታይበት፣ ከፍታው አራት ሺህ ሜትር ከሚያህለው የውርጭ አገር በደረሰ ጊዜ፣ ጨሞጋንና ሙጋን፣ ሱሃንና ጀደብን የመሳሰሉት የዐባይ ገባሮች የሚፈልቁበትን ምድር አይቶ ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ ነገር ግን በዚሁ ምድር ይኖር የነበረውን ቀይ ቀበሮ ምንም ያህል ቢፈልግ አያገኘውም፤ በጮቄ የነበረው ወገን በሃያኛው ምዕት ዓመት ውስጥ ፈጽሞ ጠፍቷልና። የጎጃም ሰው ታጥቦ ስለ ሄደው አፈርና ስለ ተመነጠረው ደን አዝኖ ሲናገር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ፍጥረት ግን ሲያዝን አልሰማሁም፤ ብዕሬን ያስነሣኝም ይኸው ዝምታ ነው።

ስለ አራዊት የሚያስብ ሰው ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ በከተማችን በደብረ ማርቆስ የአራዊት ማቆያ ቢሠራ ልጆቻችን ሥነ ፍጥረትን ይማሩበታል፣ እንግዳም ይመጣበታል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ አሳባቸውንም አላቃልለውም። በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ የሚገኘው፣ ሕዝቡ አንበሳ ግቢ እያለ የሚጠራው ማቆያ እ.ኤ.አ. በ1948 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ተቋቁሞ ሲኖር፣ ከብዙ ዘመን በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 የውጭ አገር ተመራማሪዎች ከግቢው አንበሶች የ15ቱን ዘር መርምረው፣ ጥቁር ጋማቸው ከአንገታቸው አልፎ እስከ ደረታቸውና እስከ ሆዳቸው የሚወርደው እነዚህ አንበሶች፣ ከተነጻጸሩባቸው ከሌሎቹ የአፍሪካ አንበሶች በዘር የተለዩ መሆናቸውን አስታውቀዋል። በዱር ሊጠፋ የሚችል ዘር በአጥር ውስጥ ተጠብቆ መገኘቱ ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ በዚያው ግቢ ገንዘብና ቦታ ስላነሰ ደቦሎች በመርዝ መገደላቸው በዓለም ዜና ተነግሯል። አንበሳን በአጥር ውስጥ ማኖር ማለት ሥጋውን፣ ሐኪሙን፣ የሚመላለስበትን ስፋት፣ የሚወለደውንም ደቦል ማደሪያ አስቀድሞ ማሰናዳት ነውና፣ ይህን ሳያሰናዳ አጥር ያጠረ ከተማ ሸክሙን የሚጭነው ግዕዛን በሌለው ፍጥረት ላይ ነው።

ቀይ ቀበሮ ደግሞ ይህ የአጥር መጠጊያ እንኳ የለውም። በዓለም ካሉት የአራዊት ማቆያዎች በአንዱም አይገኝም። ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀርም ሌላ አገር የለውም፤ ቍጥሩ 500 ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከእኩሌታ የሚበልጠው በባሌ፣ የቀረው በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በወሎ ደጋዎች ተበታትኖ ይኖራል። የሚኖረው በመንጋ ነው፤ አደኑን ግን አይጡንና ፍልፈሉን እያደፈጠ ለብቻው ያድናል። ከመንጋው መካከል አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲቱ እመቤት ስትሆን፣ የቀሩት ለቡችሎቿ ምግብ በማምጣትና በመጠበቅ ይረዷታል። እንዲህ ተባብሮ የሚኖር ወገን ከአንድ ተራራ በጠፋ ጊዜ፣ ይህ ነው የምንመልሰው ተብሎ ከማቆያ የሚወጣ ምትክ የለውም።

በዚሁ በክልላችን፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2020 የሆነውን ባሰብሁ ቍጥር ግን ልቤ ይጽናናል። እግሩ በጥይት የተሰበረ አንድ ወንድ ቀበሮ ተገኘ። የጥበቃ ባለሙያዎችም ወደ ሩቅ ከተማ አላወረዱትም፤ እዚያው በተራራው ላይ ጊዜያዊ መጠለያ ሠርተው፣ 51 ቀን ሙሉ እየመገቡና እያከሙ አቆዩት፤ ስሙንም ተረፈ አሉት። አጥንቱ በተጠገነ ጊዜ አካሄዱን ከሩቅ የሚያመለክት መሣሪያ በአንገቱ አስረው ወደ ዱሩ ሰደዱት፤ ቀይ ቀበሮ ተይዞ፣ ታክሞ፣ ወደ ዱሩ ሲመለስ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ኋላም ተረፈ ተጓዳኝ አግኝቶ ቡችሎች ወለደ። የእንስሳት እንክብካቤ ሲባል በእኔ ዘንድ ትርጓሜው ይህ ነው፤ መጠለያው የቆመው ለታማሚው እንጂ ለተመልካች አልነበረም፤ ሰዎቹም ሌት ተቀን የደከሙት ዳግመኛ ከእነርሱ ጋር እንዳይኖር ነበር።

አንዱን ቀበሮ በዚህ መንገድ ማዳን ይቻላል፤ መንጋውን ግን አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ በዌብ ሸለቆ በገባ ጊዜ፣ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ፈጅቷል፤ በሽታውም ወደ ቀበሮው የሚሻገረው የከብት መንጋ ተከትለው ወደ ተራራው ከሚወጡት ውሾች ነው። በጮቄ ላይ ደግሞ ማረሻው ዓመት ከዓመት ወደ ላይ እየወጣ ጓሳውን ገፍቶታል። መሬት የጠበበውን ገበሬ አልወቅሰውም፤ ልጆቹን የሚመግብበት ሌላ ስፍራ ማንም አላሳየውምና። ነገር ግን የመንዝ አባቶችም እንደ እኛው ደገኞች ሆነው ሳለ፣ ከዐሥራ ሰባተኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ ቄሮ በተባለው ሥርዐታቸው ጓሳውን ለዓመታት እየዘጉ፣ ሲከፍቱትም በስምምነት እየተጠቀሙ፣ ለቤታቸው ክዳንና ለከብታቸው ግጦሽ ሳያጡ ኖረዋል፤ ሥርዐቱ እ.ኤ.አ. በ1975 በታወጀው የመሬት ዐዋጅ ምክንያት ቢላላም፣ የአገሩ ሰዎች ኋላ በሌላ ደንብ አድሰው ጥበቃቸውን ቀጥለዋል፤ ቀይ ቀበሮም ዛሬ በዚያ አለ። ጮቄ እንዲህ ያለ ደንብ ያስፈልገዋል፤ ደንቡንም የሚጽፉት በቢሮ የተቀመጡ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ፣ የስናን፣ የቢቡኝና የደባይ ጥላትግን ወረዳዎች ሽማግሎች ራሳቸው መሆን አለባቸው።

እንግዲህ ለወዳጆቼ የምመልሰው ይህ ነው፤ ለማቆያው አጥር ይወጣ የነበረው ገንዘብ አስቀድሞ በጮቄ ዙሪያ ላሉት ውሾች ክትባት ይዋል። ይህ ሥራ ለቀበሮ ብቻ የሚታሰብ አይደለም፤ በእብድ ውሻ የተነከሰው የእረኛ ልጅ ወደ ጠበሉ ሲሮጥ ከጤና ጣቢያው ክትባት ዘግይቶ የሚሞትበት አገር ነውና፣ የውሻው መከተብ ልጁንም ያድነዋል። ጎጃም የሊቃውንትና የቅኔ አገር ነው፤ አዳም በገነት የተሾመው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት መሆኑን የሚያስተምሩ መምህራን በየደብሩ አሉልን። የክትባቱን ቀን በየገጠሩ አጥቢያ ከቅዳሴ በኋላ እነርሱ ቢያውጁት፣ ውሻውን በገመድ ይዞ የማይመጣ ባለቤት ጥቂት ይሆናል። የላይኛው ጓሳ ከማረሻ ተከልሎ፣ አይጡና ፍልፈሉ በዝቶ፣ በመንደሮቹም ያሉት ውሾች በየዓመቱ መከተባቸው ከተረጋገጠ በኋላ፣ ከሰሜን ወይም ከመንዝ ጥቂት ቀበሮዎችን አምጥቶ በጮቄ ስለ ማኖር ከባለሙያዎች ጋር መመካከር ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን ማምጣቱን አልደግፍም።