የአንዲት ፊርማ ጉዳይ

ለሠፈራችን ነዋሪዎች፣ በተለይም የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ልጆች ላሏችሁ እናቶችና አባቶች፤

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ ስለ መኪና ማቆሚያና ስለ ቆሻሻ ማውጫ ቀን ስንጨቃጨቅ አመሸንና በመጨረሻ ዋናው ጉዳይ ተነሣ። ተነሥቶም ሳይቋጭ ሰው ተበተነ። ጉዳዩ ልጆቻችን ገና ሃይስኩል ሳሉ ኮሌጅ ገብተው የሚማሩበት «ረኒንግ ስታርት» የተባለው ፕሮግራም ነው። ያን ዕለት ከተነገሩት ነገሮች መካከል በዝምታ የማናልፋቸው ስላሉ ይህን ጽፈን በሰሌዳው ላይ ለጥፈናል። ቅር የሚለው ካለ በሚቀጥለው ስብሰባ ይናገረን።

አንድ አባት ተነሥተው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ተረቱ። የፕሮግራሙም ስም ከሩጫ ጋር ስለሚገናኝ ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ አጨበጨብንም። ተረቱ መልካም ነው። ነገር ግን ተረቱ የሚወቅሰው በጥድፊያ የታጠቀውን ነው እንጂ ቆሞ፣ አስተካክሎ የታጠቀውን አይደለም። እስቲ ቅጹን ሳናነብ ፊርማ የከለከልነው እኛ ነን ወይስ ልጆቹ የተጣደፉት?

ነገሩ ይህ ነው። የዋሽንግተን ስቴት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ሕግ መሠረት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ መማር ይችላል። የትምህርቱን ክፍያ፣ እስከ ተወሰነ የክሬዲት ጣሪያ ድረስ፣ ቤተሰብ አይከፍልም። አምስት የኮሌጅ ክሬዲት ለሃይስኩሉ እንደ አንድ ክሬዲት ይያዛል፤ ልጁ አንዱን ትምህርት ተምሮ በሁለቱም ቤት ያስመዘግባል ማለት ነው። ሁለቱን ዓመት ሙሉ ጭነት ይዞ የዘለቀ 90 ክሬዲት ሞልቶ ከሃይስኩል ዲፕሎማው ጋር የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ሊይዝ ይችላል። ከጓደኞቹም አይለይም፤ ትምህርት ቤቱ ያው ትምህርት ቤቱ ነው፣ አብሯቸው ይመረቃል። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ግን በቅጹ ላይ የወላጅ ፊርማ ይጠየቃል፤ እሱም በየኳርተሩ። ጭቅጭቁ ሁሉ በዚህች ፊርማ ላይ ነው።

ከሠፈራችን ልጆች መካከል አንዲቱ፣ ስሟን አንጠራም፣ ፈተናዋን አልፋ፣ ካውንስለሯን አስፈርማ፣ ቅጹን ይዛ ቤቷ ገባች። ቅጹ ማቀዝቀዣው ላይ ሦስት ሳምንት ተለጥፎ ከረመና የምዝገባው ጊዜ አለፈ። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ኮሌጅ አዋቂ የሚውልበት ቦታ ነው፤ ሴት ልጅ ናት» ተባለ። የዚችው ልጅ ወንድም ከሁለት ዓመት በፊት ተመሳሳዩን ቅጽ ሲያመጣ እዚያው በር ላይ እንደቆመ ነው የተፈረመለት።

ምነው ወገኖቼ! ይቺ ልጅ እናቷ ስትታመም ሐኪም ቤት ገብታ ያስተረጎመችው በ13 ዓመቷ ነው። የኪራዩን ውል የምታነበው እሷ ናት፤ የመብራቱን ሂሳብ ስልክ ደውላ የምትከራከረው እሷ ናት፤ ታናናሾቿን ከትምህርት ቤት የምታመጣው እሷ ናት። ለኪራይ ውል አዋቂ፣ ለኮሌጅ ወንበር ሕፃን የምትሆነው በየትኛው ሂሳብ ነው? አዋቂ መካከል መዋሏ የሚያስፈራን ከሆነ ሐኪም ቤቱም፣ ባንኩም፣ የግብር ቢሮውም አዋቂ የሞላበት ነው። ያን ጊዜ አልፈራንም፤ ሥራችንን ስለሚሠራልን።

«መንገዱ ሩቅ ነው» ያሉም ነበሩ። ከሬኒየር ቢች ወይም ከኦቴሎ በላይት ሬል የተሳፈረ ልጅ ሳይለዋውጥ ካፒቶል ሂል ይወርዳል፤ ኮሌጁ ከጣቢያው ጥቂት እርምጃ ነው። ከመስከረም ወር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮም 18 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆነ ሁሉ ባቡሩም አውቶቡሱም በነፃ ነው።

ደግሞስ ነገሩ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነው እንዴ? በስድስት ኪሎ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት እንደነበረ ትልልቆቻችን ያስታውሳሉ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ይማሩ ነበር። ያን ጊዜ ልጁ የተመረጠለት ወላጅ ድግስ ይደግስ እንደሆነ እንጂ «አዋቂ መካከል ገባብኝ» ብሎ አያለቅስም።

አሁን ደግሞ ወደዚያኛው ጎራ እንዙር፤ እነሱም አይተርፉም። በየቡናው ላይ «የኔ ልጅ በ18 ዓመቱ ሁለት ዲፕሎማ» እያላችሁ ሳታነቡ የምትፈርሙ አላችሁ። «ነፃ ነው» የምትሉት ነገር መጽሐፍና ልዩ ልዩ ክፍያ አለበት። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ልጆች ክፍያው የሚቀርበት መንገድ እንዲኖር ሕጉ ያዝዛል፤ ነገር ግን ካልጠየቃችሁ ማንም ቤታችሁ ድረስ አያመጣላችሁም። ከገንዘቡ የሚብሰው ውጤቱ ነው። እዚያ የተገኘ ኤፍ የኮሌጅ ኤፍ ነው፤ መዝገቡ ላይ ይቀራል፣ ነገ ልጁ የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ሲጠይቅ ሊቆጠርበት ይችላል። የግል ኮሌጆችና የሌላ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ክሬዲቱን ላይቀበሉም ይችላሉ።

ብዙ ወላጅ ያልሰማው አንድ ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ልጁ ኮሌጅ ከገባ፣ ዕድሜው 16 ቢሆንም፣ በኮሌጁ መዝገብ ላይ ባለመብቱ እሱ ነው። ስለዚህ እንደ ሃይስኩሉ ደውላችሁ «ልጄ ስንት አመጣ?» ብትሉ «ልጁ ይፍቀድ» ልትባሉ ትችላላችሁ። እንግዲህ በቤት ውስጥ መነጋገር ያልለመደ አባትና ልጅ ሁለት ኳርተር ሙሉ ሳይተዋወቁ ሊከርሙ ነው። ይህ የሚታሰበው ከመፈረም በፊት ነው።

ለካውንስለሮችም አንድ ቃል አለን። ከልጆቻችን አንዷ ስለ ፕሮግራሙ ስትጠይቅ «እንግሊዝኛው ይከብድሻል» ተብላ ተመልሳለች። ፈተናው ይበላት እንጂ ለመሆኑ ማን ነው ያለ ፈተና የጣላት? ወላጅና ተማሪ ስለነዚህ ዕድሎች እንዲነገራቸው ሕጉ ያስገድዳል። እኛም አብረን ሄደን እንጠይቃለን፤ አምስት ወላጅ በር ላይ ሲቆም መልሱ ይለወጣል።

ልጁን ከግቢው ለማውጣት ልቡ ያልቆረጠ ወላጅም መንገድ አለው። የኮሌጁ ትምህርት እዚያው ሃይስኩሉ ውስጥ በራሱ በትምህርት ቤቱ መምህር ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ሕግ የመንግሥት ሃይስኩል ተማሪዎች በመንግሥት ኮሌጆች በኩል ለሚወስዱት ክፍያው ቀርቷል።

የሚቀጥለው እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በስብሰባው ክፍል ጠረጴዛ እናወጣለን። ቅጹን መስመር በመስመር በአማርኛ እናነባለን። ፕሮግራሙን የጨረሱ ሦስት የሠፈራችን ልጆች ይገኛሉ፤ ከነሱም አንዱ አንድ ትምህርት የወደቀ ነው፣ እንዴት እንደወደቀ ሊነግራችሁ ፈቃደኛ ነው። ያገለገሉ የኮሌጅ መጻሕፍት በቤታችሁ ካሉ ይዛችሁ ኑ። የማቀዝቀዣዋ ልጅ አባትም ይመጡ ዘንድ ወንበር ይዘንላቸዋል፤ የቀጣዩ ኳርተር ምዝገባ ገና አልተዘጋም።