ካሜራው ያልወረደበት ጉድጓድ

ቨርቹዋል ጉብኝት በየአቅጣጫው የተነሱ የአንድ ስፍራ ምስሎች በኮምፒውተር ተገጣጥመው፣ ተመልካቹ ከተቀመጠበት ሳይነሳ በስክሪን ወይም ዓይን ላይ በሚጠለቅ መነጽር አማካይነት በስፍራው የሚዘዋወርበት ዘዴ ነው። ሥራቸው ቆሞ መግቢያቸው የተዘጋ የማዕድን ማውጫዎች ከዚህ ዘዴ ብዙ እንደሚጠቀሙ ይታመናል፤ በጃፓን ናጋሳኪ አቅራቢያ የምትገኘው የሐሺማ ደሴት ግን ይህ እምነት የት ድረስ እንደሚያስኬድ ታሳያለች።

ሐሺማ ስፋቷ 6.3 ሄክታር ገደማ ሲሆን፣ ሚትሱቢሺ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1890 ከገዛት በኋላ ከባሕሩ ወለል በታች ያለው የድንጋይ ከሰል በስፋት ሲወጣባት፣ ከጉድጓዱ የተዛቀው ድንጋይም ዳርቻዋን ለማስፋት ሲውል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1916 ለሠራተኞች የተሠራው ሕንፃ በአርማታ፣ ማለትም በብረት በተጠናከረ ኮንክሪት፣ ከተገነቡት የአገሪቱ ቀደምት የመኖሪያ አፓርታማዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በዚያች ጠባብ ስፍራ 5,259 ሰዎች ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። ነዳጅ ዘይት የከሰልን ቦታ ሲወስድ ማውጫው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1974 ተዘጋ፤ በኤፕሪልም ደሴቲቱ ሰው አልባ ሆነች።

ጎብኚዎች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ እንዲወርዱባት ቢፈቀድም፣ ሕንፃዎቹ እየፈራረሱ በመሆናቸው ከተከለለ አጭር መንገድ አያልፉም፤ ማዕበል ካለም ጭራሹኑ አይወርዱም። ስለዚህ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 በጀርባ በሚታዘል ካሜራ የተከለከሉትን ክፍሎች ቀርጾ ለሕዝብ ማቅረቡ እውነተኛ ውለታ ነው። ይሁንና ካሜራው የዞረው ፀሐይ በሚያገኘው ገጽ ላይ ብቻ ነው። ከሰሉ የተቆረጠባቸው፣ ሙቀቱና ወበቁ ትንፋሽ ያሳጥርባቸው የነበሩት ዋሻዎች ከባሕር በታች ተዘግተው ቀርተዋል፤ በዚህም ምክንያት የማዕድን ማውጫ ጉብኝት የሚባለው፣ በትክክል ከተነገረ፣ የማዕድን ሠራተኞች ሰፈር ጉብኝት ነው።

ከዋሻው ይልቅ የከበደው ጉድለት ግን ሌላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ኮሪያውያንና ቻይናውያን በግዳጅ በሐሺማ ሠርተዋል። ደሴቲቱ ከሌሎች የጃፓን የኢንዱስትሪ ስፍራዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ፣ የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ብዙ ኮሪያውያንና ሌሎች ሰዎች ያለፈቃዳቸው ተወስደው በአንዳንዶቹ ስፍራዎች በአስከፊ ሁኔታ እንዲሠሩ መደረጋቸውን አምኖ፣ ይህን ታሪክ የሚያስረዳ ማዕከል ለማቋቋም ቃል ገብቶ ነበር። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2020 በቶኪዮ ቢከፈትም፣ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2021 ቃሉ በሙሉ አለመፈጸሙ በጽኑ እንደሚያሳዝነው አስታውቋል።

በደሴቲቱ ላይ የቆመ አስጎብኚ ጊዜው አጭር ነው፤ ጀልባው ይጠብቀዋል፤ አጥሩም ይከለክለዋል፤ ስለዚህ የዘለለው ነገር ቢኖር ምክንያት ሊያቀርብ ይችላል። ስክሪኑ ጀልባም አጥርም የለበትም። ከጦርነቱ የተረፉ ሠራተኞች የሰጡት ቃል ተመዝግቦ በሚገኝበት ሁኔታ፣ ወደ ጉድጓዱ ይወረድበት በነበረው ደረጃ ምስል ላይ ያን ቃል ማያያዝ ሕንፃውን በየአቅጣጫው ከመቅረጽ እጅግ የቀለለ ሥራ በመሆኑ፣ የሕንፃውን ቁጥርና የተሠራበትን ዓመት ዘርዝሮ በግዳጅ የወረዱትን ሰዎች የማይጠቅስ ቨርቹዋል ጉብኝት ቴክኒኩ አልፈቀደለትም ሊባል አይችልም።